ከባድ ሰውና የብረት ሳይክል፦ ጎንደር ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መቶ ኪሎ ካለፍኩ ቆይቻለሁ፣ ሳይክል መንዳቴንም አልተውኩም፤ መንገድ ላይ እያስቆሙ የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ እነሆ።

ከመቶ ኪሎ በላይ እመዝናለሁ። የብረት ሳይክል ይችለኛል?

ይችልዎታል። ባሕር ዳር ሄዶ፣ ኋላ መጫኛው ላይ ሰው አፈናጦ የሚነዳ ያላየ የለም። የሁለቱ ሰዎች ክብደት ሲደመር ከ120 ኪሎ ያልፋል፤ ሳይክሉ ግን ዓመት ከዓመት ያገለግላል። ያው ክብደት በአንድ ሰው ላይ ሲሆን ነው ሁሉም ዞር ብሎ የሚያየው።

ልዩነቱ መንገዱ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ጎንደር 2,133 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች የዳገትና የቁልቁለት ከተማ ናት፣ ውስጥ ለውስጡ ደግሞ ኮብልስቶን ነው። ሜዳ ላይ ምንም የማያደርግ ክብደት፣ በፍጥነት ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ብዙ እጥፍ ሆኖ ያርፋል። እንዲያም ሆኖ ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ፍሬሙ አይደለም። እኔ ዘንድ በተራ የሄዱት የኋላ ጎማ ሽቦዎች፣ የኋላ ጎማ ዘንግ፣ የኮርቻው እግርና ፔዳሉ ናቸው። ፍሬም የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ገንዘብዎ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ መካከለኛ ፍሬም ይያዙና የተረፈውን የኋላ ጎማው ላይ ያውሉት።

ፍሬሙ ብረት ይሁን አሉሚኒየም በምን አውቃለሁ?

በማግኔት። ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ትንሽ ማግኔት ኪስዎ ይዘው ይሂዱ። ቱቦው ላይ ከተጣበቀች ብረት ነው፣ ከወደቀች አሉሚኒየም ነው። ብሎንና ዳዶ ላይ እንዳይሞክሩት፤ እነሱ አሉሚኒየም ፍሬም ላይም ቢሆን ብረት ናቸው። በዓይን ለሚፈልግ ደግሞ የብረት ቱቦ ቀጠን ይላል፣ የአሉሚኒየሙ ወፍራም ነው፣ መጋጠሚያው ላይም የብየዳው ጠባሳ ጎልቶ ይታያል። ማግኔቷ ግን አትሳሳትም።

ለከባድ ሰው ብረት ለምን ይመረጣል? አሉሚኒየም ቀላልና አዲስ አይደል እንዴ?

አሉሚኒየም ደካማ ነው ማለቴ አይደለም፤ በደንብ የተሠራ የአሉሚኒየም ፍሬምም ከባድ ሰው ይሸከማል። ነገሩ ያለው ድካም ላይ ነው። ሽቦ በአንድ ጊዜ ጉልበት አልበጠስ ሲል ወዲያና ወዲህ ደጋግመው ያጥፉታል፣ ከዚያ ይበጠሳል። ፍሬምም ፔዳል በረገጡ ቁጥር በዓይን የማይታይ ትንሽ መታጠፍ ይታጠፋል። ብረት አንድ ወለል አለው፤ ጫናው ከዚያ ወለል በታች እስከሆነ ድረስ ሚሊዮን ጊዜ ቢደጋገም አይደክምም። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ወለል የለውም። ትንሿም ጫና ትቆጠርበታለች፣ ሂሳቡ አንድ ቀን ይሞላል። ሠሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ቱቦውን አወፍረው ያን ቀን ያርቁታል። የብረቱ ወለልም ቢሆን የተቀረጸ ሕግ አይደለም፤ ዝገት የበላው፣ የተጨረመተ ወይም ብየዳው የከሸፈ ቦታ ላይ በጣም ዝቅ ይላል።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ብረት ሊሰበር ሲል ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይናገራል። ይንጫጫል፣ ይታጠፋል፣ ቀለሙ ላይ የፀጉር ያህል መስመር ይወጣል፣ መስመሩም ቀስ እያለ ያድጋል። መቶ ምናምን ኪሎ ተሸክሞ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ማስጠንቀቂያ ትልቅ ነገር ነው። ሦስተኛው ቀላል ነው፦ ብረት እዚሁ ከተማ ይጠገናል።

ፍሬሙ ላይ «ክሮሞሊ» የሚል ተለጥፏል። ከተራው ብረት በምን ይለያል?

ክሮሞሊ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተጨመረበት ብረት ነው። ከተራው የሳይክል ብረት ይልቅ ሳይጣመም የሚችለው ጫና ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ሠሪው ቱቦውን ማሳሳት ይችላል፦ ጫፍና ጫፉ 0.9 ሚሊ ሜትር፣ መሐሉ 0.6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ የተለመደ ነው። ተራው ብረት ግን ያንኑ ጥንካሬ ለመስጠት ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ መወፈር አለበት፤ ሳይክሉን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጥንካሬና ግትርነት አንድ አይደሉም። ጥንካሬ ሳይጣመምና ሳይሰበር የሚችለው ነው፤ ግትርነት ስንረግጠው ምን ያህል ይለመጣል የሚለው ነው። በግትርነት ክሮሞሊም ተራ ብረትም ያው ናቸው፣ ማንኛውም የሳይክል ብረት ያው ነው። ግትርነት የሚመጣው ከቱቦው ውፍረትና ስፋት ነው። የግድግዳው ውፍረት ሳይቀየር ቱቦው ከ28.6 ወደ 31.8 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ ግትርነቱ ከሲሶ በላይ ይጨምራል፣ ክብደቱ ግን በአሥር በመቶ ገደማ ብቻ። እናም በጣም ቀጭንና በጣም ቀላል የሆነ የድሮ የእሽቅድምድም ፍሬም፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከስርዎ እንደ ሸንበቆ ሊለመጥ ይችላል። አይሰበርም ይሆናል፤ ግን አይመችም። ለከባድ ሰው የምመርጠው ሰፋ ያለ ቱቦ ያለውን ክሮሞሊ ነው፣ ከሌለ ደግሞ ወፍራሙን ተራ ብረት። የእሽቅድምድም ቅጥነት ለቀጭን ሰው ይቅር።

ተለጣፊውንም በደንብ ያንብቡት። አንዳንዱ ሦስቱ ዋና ቱቦዎች ብቻ ክሮሞሊ ሆነው የኋላው ክፍልና የፊቱ ሹካ ተራ ብረት ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ተጽፎ ካለ።

ባለ28ቱ ጥቁር የቻይናና የህንድ ሳይክል አይሻልም? አባቶቻችን እህል ጭነውበታል።

ፍሬሙን በተመለከተ አዎ። የፍላይንግ ፒጅን፣ የፊኒክስና የሂሮ ዓይነቶቹ ሁሉ መነሻቸው የድሮው የእንግሊዝ ሳይክል ነው፦ ወፍራም ብረት፣ ረጅም አቋም፣ ኋላ 40 ሽቦ፣ ፊት 32። ጭነት ለመሸከም የታሰቡ ናቸው።

ጎንደር ላይ ግን ሁለት ነገር ይጎድላቸዋል። ማርሽ የላቸውም፤ 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሳይክል በአንድ ጥርስ ወደ ፒያሳ ማውጣት እንዴት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ከዚያ የባሰው ፍሬኑ ነው። በዘንግ የሚሳበው ፍሬን የሚይዘው የተለበጠ የብረት ቸርኬ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ሙልጭ ይላል። በሐምሌ እሱን ይዘው ቁልቁለት እንዲወርዱ አልመክርም።

ረጅምም ነኝ። ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ከፍ ባደርገው ችግር አለው?

አለው፣ የደህና ፍሬም ዋና ገዳይ ይህ ነው። የኮርቻው እግር ላይ «ከዚህ በላይ አታውጣ» የሚል ምልክት የተቀረጸ መስመር አለ። መስመሩ ከታየ ክብደትዎ በሙሉ በኮርቻው ቱቦ አፍ ላይ እንደ ዲጅኖ ይሠራል፣ ቱቦውም ከማጥበቂያው ስር ይሰነጠቃል። የሚገባው ክፍል ቢያንስ የላይኛው አግድም ቱቦ ከተጋጠመበት በታች ይውረድ። የማይበቃ ከሆነ ፍሬሙ ለእርስዎ ትንሽ ነው፤ ረጅም እግር ፈልገው ይግዙ፣ ወይም ትልቅ ፍሬም።

እግሩ ከፍሬሙ ቀዳዳ ጋር ልክ መሆኑንም ያረጋግጡ። የቆርቆሮ ቁራጭ ጠቅልሎ መክተት እኛ ሰፈር የተለመደ ነው። ለቀጭን ልጅ ይሠራ ይሆናል።

የኋላ ጎማዬ ሽቦ በየወሩ ይበጠሳል። ክብደቴ ነው?

ክብደትዎ አለበት፤ ጥፋተኛው ግን የሽቦው መላላት ነው። ሽቦ የሚበጠሰው ተጎትቶ ይመስለናል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ጎማው ሲዞር መሬት ፊት ለፊት የሚመጣው ሽቦ ለቅጽበት ይላላል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወጠራል። በባለ26 ጎማ ይህ በኪሎ ሜትር ወደ 480 ጊዜ ይደርሳል። ከፒያሳ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን እያንዳንዱ ሽቦ ወደ 5,800 ጊዜ ይላላል፣ ይወጠራል። መጀመሪያውኑ በደንብ የተወጠረ ከሆነ ይህ ምንም አያደርገውም። ልል ከሆነ ግን ክርኑ ላይ፣ ማለትም ከመሐለኛው ኩሽኔታ መያዣ በሚወጣበት መታጠፊያ ላይ፣ ይንቀሳቀሳል፤ እዚያው ይደክምና እዚያው ይበጠሳል። ከባድ ሰው ሲቀመጥበት መላላቱ ይብሳል፣ ከክብደቱም ከግማሽ በላይ የሚያርፈው ኋላ ነው።

ስለዚህ አንድ ሽቦ ብቻ እየቀየሩ መኖር ገንዘብ መጣል ነው። ሦስተኛው ከተበጠሰ የቀሩትም ደክመዋልና ሁሉንም በአንዴ ያስቀይሩ። 36 ቀዳዳ ያለው፣ ባለሁለት ግድግዳ ቸርኬ ይምረጡ፤ ሽቦው 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከተሠራ በኋላ በጣትዎ እንደ ክራር ጅማት እየነካኩ ያድምጡ፦ በአንድ ወገን ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ ድምፅ ሊሰጡ ይገባል። አንዱ «ዱብ» ካለ ልል ነው። የማርሹ ወገንና የግራው ወገን ድምፅ መለያየቱ አያስደንግጥዎ፤ የማርሹ ወገን የበለጠ ስለሚወጠር ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። 100 ወይም 150 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ መልሰው ያስወጥሩት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ሁለተኛውን ጊዜ ነው፤ እኔም ሁለት ጎማ ያበላሸሁት በዚሁ ነው።

ጎማው ሽቦ ሳይበጠስ ወዲያ ወዲህ ካለ ዘንጉን ይዩ። ርካሽ ባለ7 ማርሽ ላይ የማርሹ ጥርሶች እንደ ብሎን እየዞሩ መሐሉ (የጎማው ኩሽኔታ መያዣ) ላይ የሚታሰሩ ከሆነ፣ የቀኙ ኩሽኔታ ከፍሬሙ ርቆ ወደ ውስጥ ይገባል። ዘንጉ ያለ ድጋፍ ይረዝምና በከባድ ሰው ስር ይጎብጣል። መፍትሔው የማርሹ ጥርሶች በተንሸራታች የሚገቡበትን ዓይነት መሐል መግዛት ነው፤ እዚያ ኩሽኔታው ወደ ጫፍ ይወጣል።

ስንት ንፋስ ልሙላ?

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ጣሪያ አይለፉ፣ በአውራ ጣት መጫንንም አይመኑ። ባለ26 በ2.1 ኢንች ለሆነ ጎማ እኔ ኋላውን 50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው)፣ ፊቱን 45 አካባቢ አደርጋለሁ። ካነሰ ኮብልስቶን ጠርዝ ላይ ቸርኬው መሬት ይነካል፣ ካላማዳሪውም ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይበሳል። ሰፊ ጎማ ሁልጊዜ ከጠባብ ይሻላል።

ወደ አዘዞ ስወርድ ሳይክሉ በሙሉ ይርገፈገፋል። ፍሬሙ ሊሰበር ነው?

አይደለም፣ ግን ያስፈራል፣ ሊጥልም ይችላል። የተወሰነ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ፊቱና ፍሬሙ እርስ በርስ እየተገፋፉ መወዛወዝ ይጀምራሉ። የሚለመጥ ፍሬም፣ ኋላ ላይ ከፍ ብሎ የታሰረ ጭነት፣ የላላ የፊት ኩሽኔታ ወይም ያልተስተካከለ ጎማ ያባብሱታል። መያዣውን አጥብቆ መጨበጥም ያባብሰዋል። በአንድ ጉልበትዎ አግድም ቱቦውን ይጫኑ፣ ከኮርቻው በጥቂቱ ይነሱ፣ ፍሬኑን ቀስ ብለው ይያዙ፤ ይቆማል።

ቆሞም ወደ ቤት እንዲሁ አይሂዱ። የፊት ፍሬኑን ጨብጠው ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ይግፉት። አንገቱ ላይ «ቋ ቋ» ካለ ኩሽኔታው ልል ነው፣ ይጠበቅ።

ዝገቱስ? ክረምቱ አይፈጅብኝም?

ውጪው ላይ የምናየው ዝገት ብዙ ጊዜ ለዓይን ነው። የሚፈራው ውስጥ ያለው ነው። ውሃ በኮርቻው እግር በኩል ይገባና ፔዳሉ ከሚዞርበት ታችኛው ቱቦ ውስጥ ይጠራቀማል። የዚያን ቱቦ ሆድ ይዩ፦ ትንሽ ቀዳዳ ካለ በጭቃ እንዳይደፈን ይጥረጉት፣ ከሌለ ውሃ የገባ በመሰለዎት ቁጥር የኮርቻውን እግር አውጥተው ሳይክሉን ይዘቅዝቁት። ክረምት ከመግባቱ በፊት ወፈር ያለ ዘይት በኮርቻው ቀዳዳ አፍስሰው ሳይክሉን እያገላበጡ ውስጡን ያዳርሱ፣ የተረፈውን ያንጠባጥቡ። የኮርቻውን እግር ግሪስ ቀብተው ይመልሱ፤ ካልተቀባ ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፣ ከዚያ ማውጫ የለውም።

ያገለገለ ልገዛ ነው። የት የት ልመልከት?

መጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ሻጭ አቧራን ይወዳል። ከዚያ በፀሐይ ብርሃን ወደ ታች የሚወርደው ቱቦ ከፊቱ አንገት ጋር የሚገናኝበትን ስር በጣትዎ ይዳስሱ። ቀለሙ ጥቃቅን ሽብሽብ ካለው ሳይክሉ ከፊት በኃይል ተጋጭቷል፣ ይተዉት። ቀጥለው የፔዳሉን ማዞሪያ ዙሪያ፣ በተለይ ወደ ኋላ የሚሄዱት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች የሚነሱበትን፣ ከዚያ የኮርቻውን ማጥበቂያ ስር፣ በመጨረሻም የኋላ ጎማው ዘንግ የሚገባበትን ጆሮ ይመልከቱ።

ስንጥቅና የቀለም ጭረት ይመሳሰላሉ። ጭረት በጥፍር ሲነካ ያልቃል፤ ስንጥቅ ግን የዝገት ቀለም ያለው ቀጭን መስመር ነው፣ ሲጠርጉትም ዝገቱ ይመለሳል። አዲስ ቀለም የተቀባ ያገለገለ ሳይክል ሲቀርብልዎ ይጠርጥሩ፤ ስቱኮና ቀለም ብዙ ይሸፍናሉ። ማግኔቷ እዚህም ትሠራለች፦ ወፍራም ስቱኮ ላይ አትጣበቅም።

«እስከ 120 ኪሎ» ይላል። እኔ 112 ነኝ። ገበያ ውዬ ዕቃ ብጭንበትስ?

ብዙ ጊዜ ቁጥሩ የሚቆጥረው እርስዎን፣ ዕቃውን፣ አንዳንዴም ሳይክሉን ጭምር ነው፤ መመሪያው ላይ «አጠቃላይ» የሚል ቃል ይፈልጉ። ሳይክሉ 15 ኪሎ ከሆነ 112 ሲጨመር 127 ነው፤ አልፈዋል። ያ ማለት በዚያው ሰዓት ይሰበራል ማለት አይደለም። ዓለም አቀፉ የሳይክል ደህንነት መለኪያ አይኤስኦ 4210 የከተማ ሳይክል ፍሬምን ሲፈትን ፔዳሉን በ1,000 ኒውተን፣ ማለትም መቶ ኪሎ በሚያህል ኃይል፣ 100,000 ጊዜ ያስረግጣል። ሜዳ ላይ ተቀምጦ የሚነዳ ሰው ያን ያህል አይረግጥም። ዳገት ላይ ቆሞ የሚረግጥ 112 ኪሎ ሰው ግን ይደርስበታል፣ ያልፈዋልም። ስለዚህ ክብደት ገደቡን ሲያስቡ ከኪሎው ይልቅ አነዳድዎን ያስቡ፦ በቀላል ማርሽ ተቀምጦ መውጣት ለፍሬሙም ለጉልበትዎም ይበጃል። 50 ኪሎ ጤፍ ከሆነ ግን ባጃጅ ይጥሩ።

ፍሬሙ ተሰነጠቀ። ጎንደር ውስጥ ሊበየድ ይችላል?

ብረት ከሆነ ይችላል፤ ማን በምን ይበይደዋል ነው ጥያቄው። አብዛኛው በያጅ በርና መስኮት ሠሪ ነው፣ እጁ የለመደው ቱቦላሬና ላሜራ ነው። የበር ኤሌክትሮድ የ1 ሚሊ ሜትር ቱቦን ይበሳዋል፤ ቀዳዳውን ለመድፈን ደግሞ ብረት ይቆልልበታል፣ ቁልሉ ጠርዝ ላይ በሦስተኛው ወር እንደገና ይሰነጠቃል። የእኔም ፍሬም አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው፤ ጥፋቱ የበያጁ ሳይሆን የእኔ ችኮላ ነበር።

የሚሻለው በኦክስጅንና አሴትሊን ጋዝ በናስ መበየድ ነው። ናሱ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲቀልጥ የሳይክሉ ብረት የሚቀልጠው ከ1,400 በላይ ስለሆነ ቱቦው ሳይቀልጥ ናሱ መጋጠሚያው ውስጥ ሰርጎ ይገባል። በያጁን ሦስት ነገር ይለምኑት፦ ቀለሙንና ዝገቱን ጨርሶ ይፋቅ፣ ስንጥቁ ጫፍ ላይ እንዳይቀጥል ትንሽ ቀዳዳ ይብሳ፣ ሲጨርስ ውሃ አያፍስበት። በተለይ ክሮሞሊ በውሃ በድንገት ከቀዘቀዘ ይጠጥርና እንደ ብርጭቆ ይሆናል፤ ራሱ በአየር ይቀዝቅዝ። ስንጥቁ ቱቦው መሐል ከሆነ ውስጡ ልክ የሚሆን ቁራጭ ቱቦ ገብቶ አብሮ ቢታሰር ይጠነክራል።

አሉሚኒየም ከሆነ ይተዉት። የተለመደው የሳይክል አሉሚኒየም ተበይዶ በምድጃ እንደገና ካልጠነከረ ብየዳው አጠገብ ጥንካሬው ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ቀጭን ሰው ሊታገስበት ይችላል፣ እኔና እርስዎ አንችልም።

ሳይሰነጠቅ ግን ተጣሟል። ይቀናል?

መጀመሪያ መጣመሙን ይለኩ። ረጅም ክር ከኋላ ጎማው አንድ ጆሮ ያስሩ፣ በፊቱ አንገት ያዙሩት፣ ወደ ሌላኛው ጆሮ መልሰው ይወጥሩት። ከዚያ ክሩ ከኮርቻው ቱቦ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ይለኩ። እኩል ከሆነ ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው። በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከተለያየ የኋላው ክፍል ሳይሞቅ ቀስ ተብሎ ሊመለስ ይችላል፣ ብረት ስለሆነ። የብረት ፍሬም ባለሙያ ይህን ያለ እሳት ነው የሚሠራው፤ እሳት ይዞ የሚመጣ ካለ ያስቁሙት።

ቱቦው ራሱ ተጨርምቶ ወይም ተሸብሽቦ ከሆነ ማቅናቱ ሽብሽቡን ወደ ስንጥቅ ይለውጠዋል። የፊት ሹካም እንደዚሁ ነው፦ ወደ ኋላ የታጠፈ ሹካ አቅንተው በቁልቁለት አይውረዱበት። ሌላ ሹካ ይግዙ፣ የድሮውን ለልጅ ሳይክል እንኳ አይስጡት።